አንድ ቤት ጎደለ

አባቴ በሰባ ዓመቱ ትራሱን በብብቱ ይዞ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት የጀመረው በእኔ ምክንያት ነው። ጥፋቱን በሌላ ሰው ላላክክ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ በአስተማሪዬ፣ በታናሽ እህቴ፣ በራሱ በአባቴ። አልሆነልኝም። ጣጣውን ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ለኮሌጅ ወረቀት ብዬ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ነው። እኔ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ ወላጆቼና ታናሽ እህቴ አፉላ ኢሊት። ጧት ጧት መዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆኜ የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ እውላለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ ሄጄ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ከሠራዊት ገና የወጡ፣ በትምህርት መሀል ሳንድዊች የሚገምጡ ልጆች ናቸው። እኔ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ።

የዚያን ዓመት አንዱ ትምህርት ስለ ማፈንገጥ ነበር፤ ሰው ለምን ከወግና ከደንብ ይወጣል የሚል። አስተማሪያችን ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ሴት ነበረች። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ አለ ትላለች፤ የጣሰውን ሰው ይገላምጡታል፣ ይስቁበታል፣ ሲብስም ያገልሉታል። ሰው ለምን ይጥሰዋል በሚለው ላይ ግን ምሁራኑ አይስማሙም። አንዱ የሚፈልገውን በቀናው መንገድ ሲያጣ ነው ይላል። ሌላው ከባልንጀራው ተምሮ ነው ይላል። ሌላው ከቤተሰቡ ጋር ያሰረው ገመድ ሲላላ ነው ይላል። አንዳንዶቹ ጭራሽ ድርጊቱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ነውር የሚሆነው ሰው ስም ሲያወጣለት ነው ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ በልቤ ሳቅሁ። ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው አልኩ። ነውር ነውር ነው፣ ጠሩት አልጠሩት።

ከዚያ አቮዳ አዘዘችን፤ የጽሑፍ ሥራ ማለት ነው። ሂዱና አንድ ትንሽ ደንብ ጣሱ፣ ሰው ምን እንደሚል አይታችሁ ጻፉ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ ደስ አላቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በልጅነቴ ከኢትዮጵያ መጥቼ ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ደንብ ስጥስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታላቅ ሲያናግረኝ ዓይኔን ስሰብር ጥፋት፣ ቀስ ብዬ ስናገር ጥፋት፣ ሲሰጡኝ መጀመሪያ አልፈልግም ስል ጥፋት። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ነጥብ አልሰጠኝም። አሁን ደግሞ አስበሽ ጣሺ!

እሺ ብዬ መሀል ከተማ ወረድኩ። ባንክ ገባሁና ሰልፉን አልፌ በቀጥታ መስኮቱ ላይ ተተከልኩ። አሁን ይጮሁብኛል፣ አሁን ይጎትቱኛል እያልኩ ስጠብቅ አንድ ሰውዬ «እኔ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ በትከሻው ገፋ አድርጎኝ ከፊቴ ቆመ። ከኋላዬ ያሉት አሮጊት ደግሞ እዚያ ከደረስሽ አይቀር ለእኔም አንድ ቅጽ ተቀበይልኝ አሉኝ። ተቀበልኩላቸው። ስመለስ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ወንበር እያለ፣ ብቻዋን ከተቀመጠች ሴት አጠገብ ሄጄ ተጣበቅሁ። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እስከ ሰፈሬ ድረስ የሐሞት ጠጠሯን እንዴት እንዳወጡላት ስትነግረኝ መጣች። ኧረ በፈጠራችሁ፣ በዚህ አገር ሰው ምን ቢያደርግ ነው ያፈነገጠ የሚባለው?

በቤታችን ግን ያኔ ሌላ ነገር እየፈላ ነበር።

የእኛ፣ የቤተ እስራኤል ሰው፣ ልጁን ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጥራል። በወንዱም በሴቷም በኩል ወደ ላይ ሰባት ቤት፣ ማለትም ሰባት ትውልድ፣ ይቆጠራል። ሰባት ሳይሞላ አንድ አባት ላይ ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፤ ማግባት የለም። አባቴ ደግሞ በአካባቢው የታወቀ ዘር ቆጣሪ ነው። ከሌላ ከተማ ሳይቀር ይመጡበታል። ወረቀት አያውቅም፤ አውራ ጣቱን በጣቶቹ አንጓ ላይ እያስኬደ የሰውን አያት ቅድመ አያት ይጠራል፣ ሲጨርስ ይሆናል ወይም አይሆንም ይላል። ሦስት ለሠርግ የተዘጋጁ ጥንዶችን እንዲህ ሲያለያይ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንዷ ለቅሶ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰምቷል። አባቴ ከቃሉ አልተመለሰም።

እህቴ ይህን እያወቀች ከአንድ የጊቫት ሃሞሬ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ተደብቃ ኖረች። ልጁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ቆጠረ። በልጁ በኩል ሰባት ሞላ። በእኛ በኩል፣ በእናቴ አባት ዘር፣ ስድስት ላይ ተገናኙ።

«አንድ ቤት ጎደለ» አለ፣ ውኃውን ጠጣ፣ አለቀ።

እህቴ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ዳይ ኳር፣ በቃህ አባየ! ጋብቻ የሚፈቅደው ራባኑት ራሱ ምንም አይለንም! አያት ቅድመ አያታችን የተዋወቁ አይመስለኝም እኮ!»

«ራባኑቱ ይዳራችሁ» አላት። «እኔ አልመርቅም። አልመጣምም።»

ሌላ ልጅ ብትሆን ጥላው ትሄድ ነበር። እህቴ ግን፣ ይህች በዕብራይስጥ የምታልም፣ ለዚህ አገር ወግ የተወለደች የምትመስል ልጅ፣ ያለ አባየ ምርቃት ድንኳንም አዳራሽም አልገባም ብላ ተኛች። መብላት ተወች። ልጁ በስልክ ሲለምናት እሰማለሁ፤ ታለቅሳለች እንጂ አትመልስለትም። እኔ በሁለቱም ተቃጠልኩ። በአባቴ ግትርነት፣ በእህቴ ደግሞ እሺ ባይነት፣ እርር ትክን አልኩ።

ያኔ ነው አቮዳዬ ትዝ ያለኝ። በቤታችን ማንም የማይነካው ደንብ ምንድን ነው? ሽማግሌ ቆጥሮ የዘጋው ዘር እንደገና አይቆጠርም። የእናቴንና የአባቴን የቆጠሩት ጎንደር ገጠር፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ የአባቴ አባት ናቸው። የእናቴ አባት ቀድሞ ሞቶ ስለነበር የእሱን ዘር የነገረቻቸው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ናት። አባቴ ሙሽራ ስለነበር ከቆጣሪዎቹ ጋር አልተቀመጠም፤ ሰባት ሞልቷል አሉት፣ አገባ። ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሲቆጥር የራሱን ነክቶት አያውቅም። አባት የዘጋውን ልጅ አይከፍትም። በቃ፣ እኔ እከፍተዋለሁ አልኩ። ለትምህርቴ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩት እንጂ እውነቱን ልናገር፤ አባቴን ልይዘው ፈልጌ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከመዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶንና ቀለም ይዤ ሄድኩ። «አባየ፣ ለትምህርት ቤት ነው፣ የዘራችንን ሐረግ ንገረኝ» አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ዕድሜ ልኩን ከልጆቹ አንዱ ይጠይቀኛል ብሎ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ወንበሩን አስጠጋ፣ የራሱን ዘር እየጠራ አስጻፈኝ። ቀጥሎ የእናቴን። የእሷን ለአባቴ የነገረው የእናቴ አጎት፣ እዚህ አገር መጥቶ ጎረቤታችን ሆኖ የሞተው ሽማግሌ፣ ነው። አባቴ ማን ደግ እንደነበር፣ ማንን በቅሎ እንደጣለችው ሳይቀር ነገረኝ። እኔ መስመር አሰምራለሁ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ እሱ ገና ስለ በቅሎዋ እያወራ ነበር።

በእሱ በኩል ሰባት። በእናቴ በኩል ስድስት።

ካርቶኑን ጠቅልዬ አመሰግናለሁ ብዬ መሄድ እችል ነበር። አላደረግሁትም። ምላሴ በላኝ። «አባየ፣ እዚህ ጋ አንድ ቤት ጎደለ» አልኩት፣ በራሱ ቃል።

አውራ ጣቱ በአንጓዎቹ ላይ ሄደ። ተመልሶ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። እኔ ደግሞ፣ አፈር በበላሁ፣ አሁን ይስቃል፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ ኖሬ የለም ወይ ይልና እህቴን ይለቃታል ብዬ እጠብቃለሁ። ማንኛውም ጤነኛ ሰው እንዲያ ነው የሚያስበው! እሱ ተነሣ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ ትራሱን ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ስንቱን ለያይቻለሁ» አለኝ። «ለሰው የከለከልኩትን ለራሴ ልፍቀድ?»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ለጠላቴም አልመኝም። አባቴ ሶፋ ላይ ይተኛል። ቀን ቀን ትራሱን አጣጥፎ ጥግ ያስቀምጣል። ዘር ሊያስቆጥሩ የሚመጡትን ሌላ ሰው ፈልጉ እያለ ከበር ይመልሳል። ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ አሞታል፣ ተጣልተዋል፣ ሃይማኖት አክርሮ ነው እያሉ ደረጃው ላይ እናቴን ያስቆሟታል። ይህ ሁሉ አንድ ቀን እናቴን ሰላም ሲላት ከሰማሁት አይብስም። «እንዴት አደርሽ፣ እህቴ» አላት።

እናቴ ድስቱን ምድጃው ላይ ጣለችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት። «አንተ ሰውዬ አብደሃል?» አለችው። «ሰባት ልጅ ወልጄልህ፣ ሁለቱን በመንገድ ላይ ቀብረን፣ ዛሬ እህትህ ሆንኩ?»

እህቴ ከክፍሏ ወጥታ ሁለቱን አየቻቸው፣ እኔንም አየችኝ። «ይሄ የአንቺ ሥራ ነው» አለችኝ። «እኔን ልትረጂ ነበር አይደል? አሁን እሱ ራሱን ከቀጣ እኔን መቼም አይለቀኝም።» ልክ ነበረች። በሩን ገርበብ አድርጌ የተውኩት መስሎኝ ጭራሽ ቆልፌባታለሁ።

ወረቀቱን ግን ጽፌ ሰጥቼ ነበር። አስተማሪዬ ዘጠና ሁለት ሰጥታ፣ «እጅግ የሚማርክ» ብላ በቀይ ጽፋበት መለሰችልኝ። ስምንቱን የቀነሰችው ቅጣቱን በደንብ አላብራራሽም ብላ ነው። ቅጣቱን! ሶፋው ላይ የተጣጠፈውን ትራስ አምጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ልዘርጋላት? በክፍሉ ፊት አቅርቢልን ስትለኝ አልችልም ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ እየጠበቅሁ ያንን የሳቅሁበትን ትምህርት አስታወስኩ። አባቴና እናቴ አርባ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ደማቸው ያው ደም ነበር፤ ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልተደፋም። ነውር የሆነው እኔ በልጆች ቀለም መስመር ያሰመርኩበት ቀን ነው። ለካ ሥራ ፈት ያልኳቸው እውነታቸውን ኖሯል፤ መናደዴን ግን አልቀነሰልኝም።

በማግሥቱ ከሥራ በቀጥታ ወደ ወላጆቼ ሄድኩ። እናቴ ሰገነቱ ላይ ልብስ ታሰጣለች። አጠገቧ ቆሜ መቆንጠጫ ማቀበል ጀመርኩ። ዞር ሳትል ተናገረች።

«እኔ የማላውቅ መስሎሻል?»

«ምኑን፣ እማየ?»

«ልትድረኝ ስትል እናቴ ነግራኛለች። አንድ ቤት ጎድሎ ነበር፣ አንድ ሰው ጨምሬበታለሁ፣ በሆድሽ ያዢው አለችኝ። ያዝኩት።»

እጄ ላይ ያለው መቆንጠጫ ወደቀ። «አያቴ ዋሸች?»

«ምን ዋሸች! ዳረችኝ እንጂ።» የአባቴን ሸሚዝ እጅጌውን እየሳበች አስተካከለች። «እሱ ይወደኝ ነበር፣ እኔም እወደው ነበር፣ አንድ የሞተ ሰው ስለጎደለ ሳትድረኝ ልትቀር ነው?»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ምኑን ልንገረው? እናቴ ዋሽታብሃለች ልበለው? ያን እናቴ የጨመረችውን ሰውዬ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ትመልሽዋለሽ። ማክሰኞ ያንን ካርቶንሽን ይዘሽ ነይ።»

ማክሰኞ ከሰዓት ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እህቴን ከአልጋዋ ጎትቼ አመጣኋት፤ ዓይኗ አብጦ፣ ፒጃማዋን እንደለበሰች ተቀመጠች። እናቴ፣ ዘር በሚቆጠርበት ቦታ ተቀምጣ የማታውቀው ሴት፣ ወንበር ስባ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባቴ ሊነሣ ቃጣው። «ይቀመጡ» አለችው፣ ወደ አንቱዋ ተመልሳ። ተቀመጠ።

«ቁጠሪ» አለችኝ።

ከእሷ ጀምሬ ወደ ላይ ቆጠርኩ። እሷን፣ አባቷን፣ አያቷን። ጣቷን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ አንድ ሰው ዘላችኋል» አለች። ስሙንም ጠራችው፣ ምንም ሳታመነታ፣ የጎረቤት ስም እንደምትጠራ። በሁለቱ ስሞች መሀል አጥብቤ ጻፍኩት። ያ ሰው ከገባ የእሷና የአባቴ ሰባት ይሞላል፤ የእህቴም ሰባት ይሞላል፤ ይህን አራታችንም በአንዴ ቆጥረነዋል።

አባቴ ካርቶኑን ሳይሆን እናቴን አየ። የአካባቢውን ሰው ዘር ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ አንድ ስም ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አለ።

«የአባቱ ልጅ፣ የልጁ አባት ነዋ።»

«አጎትሽ አልነገረኝም።»

«አጎቴ ሲያረጅ ስንቱን ረስቷል።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«አራሽ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ለዚህ ነው ማንም የማያስታውሰው።»

ታች መኪና ይጮሃል። አባቴ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ሌላው ሲናገር ደግሞ አይታገሥም። በልጅነቴ የጉድጓድ ውኃ ቀድቻለሁ ብዬ ሳልቀዳ በመቅረቴ ሦስት ቀን ያላናገረኝ ሰው ነው። አሁን ጠረጴዛውን መትቶ ይነሣል፣ ሁላችንንም ያዋርደናል፣ እህቴም ከእንግዲህ እዚያች ክፍል ታረጃለች ብዬ እጠብቃለሁ። ዞር ብሎ እህቴን አየ። የከሳ አንገቷን፣ ያበጠ ዓይኗን፣ ቆይቶ ቆይቶ አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን በአንጓዎቹ ላይ ማስኬድ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ አለፈ። ሰባት ላይ ሲደርስ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ረስቼው ነበር» አለ። «እርጅና ነው።»

እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባቴ ተነሥቶ ትራሱን ከጥጉ አነሣ፣ በብብቱ ያዘው፣ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እናቴ ካርቶኑን ጠቅልላ ሰጠችኝና «ሁለተኛ እዚህ ቤት ወረቀት ይዘሽ እንዳትመጪ» አለችኝ።

ሠርጉ ከጥቂት ወራት በኋላ በአዳራሽ ሆነ። አባቴ የአገር ልብሱን ለብሶ፣ ጭራውን ይዞ ቆሞ መረቀ። መጀመሪያ ሙታኑን ያነሣል፤ አባቱን፣ የእናቴን አባት፣ ወደ ላይ እያለ በየስማቸው ጠርቶ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር ይላል፣ እኛም አሜን እንላለን። የእናቴን አያት አለፈና ያንን ሰው በስሙ ጠራው። «እግዜር ነፍሱን ይማር» አለ፣ ከሌሎቹ ሳይለይ። አሜን አልን። እናቴ ሳህኗን ታያለች።

ከአጠገቡ የተቀመጡት፣ እሳቸውም ዘር አውቃለሁ የሚሉ ሽማግሌ፣ ግራ ገባቸው። ወደ አባቴ ዘንበል ብለው «ይሄ ደግሞ የትኛው ነው?» አሉት። አባቴ ምርቃቱን ስላቋረጡበት ተቆጣ።

«አንተ አታውቀውም» አላቸው። «ዝምተኛ ሰው ነበር።»